እማማ ጭልፊት ያጡት ፌስታል

ሐኪሟ ረጅሙን የፌሮ ብረት ከክምሩ ልብ መዝዛ አወጣችና በባዶ መዳፏ ጨበጠችው። ብዙም አልቆየች፤ ወዲያው ለቀቀችውና ጣቶቿን እፍ እፍ እያለች ሳቀች። ፌሮውን ይዛ መቆየት ከቻለች ክምሩ ታሟል፣ ካቃጠላት ጤነኛ ነው። በሽተኛው ሲያተኩሰው የምትደሰት ሐኪም እሷ ብቻ ናት እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱባታል፤ እውነተኛ ስሟን አስረስተው ሐኪሟ ያሏትም በዚሁ ነው።

ግቢው የኮምፖስት ግቢ ነው። ከጀርባው ካለው የአትክልት ገበያ የሚተርፈው የጎመን ቅጠል፣ የፈረጠ ቲማቲምና የብርቱካን ልጣጭ ከሰጋቱራና ከእበት ጋር እየተነባበረ ይከመራል። ከውስጥ ይግላል፣ ይጤሳል፣ እያደር ይሟሽሻል፤ በመጨረሻ ገበሬ በጆንያ ጭኖት የሚሄድ ጥቁር አፈር ይሆናል። ሐኪሟ ይህን አፈር እንደ ልጇ ነው የምትሳሳለት። የጥፍር ታህል የፌስታል ቁራጭ የተገኘበት ቀን እህል አይወርድላትም።

የዛሬው ክምር ግን ከሌሎቹ ይለያል። በሆዱ ምስጢር ይዟል፤ እሷም ጠዋት ጠዋት እየተጣደፈች የምትመጣው ለእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ፣ ሪዙ ሸብቶ እንኳ ሙጬ ማለት ያልተወችው ጎልማሳ፣ ከአባታቸው የወረሰው የፌስታል ማሽን አለው። ተራ ፌስታል ከታገደ ወዲህ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ሙጬ ደግሞ አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው። ከበቆሎ የሚሠራ፣ ኮምፖስት ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል የተባለ ጥሬ ዕቃ አፈላልጎ አገኘና በዚያው አሮጌ ማሽን አረንጓዴ ፌስታል አወጣ። ሽንኩርት ሲነግዱ ያረጁት የገበያው ሊቀመንበር ፌስታሉን ወደዱት። ነጋዴው ሁሉ የአትክልት ውዳቂውን በእሱ እያደረገ ከነፌስታሉ ለግቢው እንዲያስረክብ ለማድረግም ተስማሙ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪሟ «ክምሩ በልቶታል» ብላ በአፏ ትመስክር። በልቶታል ካለች ማሽኑ ሸራውን ይጥላል። አልበላውም ካለች የአባታቸው ማሽን ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። ሙጬ ከዚህ በፊት ዶሮ አርብቶ ዶሮዎቹ አልቀውበታል፣ ሳሙና ሠርቶ ሳሙናው አረፋ አላወጣ ብሎታል። ይኼኛውም ውሃ ከበላው ሌላ የሚሞክርበት ልብ የለውም፤ ይህን እህቱ ታውቃለች።

ሊቀመንበሩ የጠነከሩት በከንቱ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ነጋዴ «ይበሰብሳል» ብሎ ያመጣው ፌስታል ነበር። እንደተባለውም ከክምሩ ውስጥ ጠፋ። የጠፋው ግን ተፈርፍሮ እንጂ በስብሶ አልነበረም። ዝናብ ሲጥል ፍርፋሪው በየማሳው ውሃ ላይ ተንሳፈፈና ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ተሸክመው መጥተው ግቢው በር ላይ ዘረገፉት። ሐኪሟ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ከዚያ ወዲህ በግቢው የነገሡት እማማ ጭልፊት ናቸው። የለቃሚዎቹ አለቃ ናቸው፤ ክምር በመንሽ በሚገለበጥበት ቀን ከፊት ይቆሙና ላስቲክ፣ ሲባጎ፣ ክዳን፣ ባዕድ የሆነውን ሁሉ እየነጠቁ ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ብርቱካን ላይ የምትለጠፈውን ሚጢጢ ወረቀት ከአንድ ጋሪ ሙሉ ብስባሽ ውስጥ መዘው አሳይተዋል። ከሳቸው ዓይን ያመለጠ ፌስታል አለ ብሎ የሚናገር ሰው እስካሁን አልተፈጠረም።

ሙጬ መጀመሪያ ፌስታሉን የሞከረው ቤቱ፣ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀብሮ ነው። ቆይቶ ሲያወጣው ያው ራሱ ነው፤ ሚስቱ አጥባ ዳቦ ያዘችበት። ቅስሙ ተሰብሮ እህቱ ዘንድ ሲመጣ ሐኪሟ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የአበባ ማሰሮ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ፌስታል በቀዝቃዛ አፈር ዓመት ቢቀመጥ ንቅንቅ አይልም አለችው። ፌስታል ረጅም ሰንሰለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰንሰለት መጀመሪያ የሚቆራርጠው የክምሩ ሙቀትና እርጥበት ነው። ሲቆራረጥና ሲያጥር በዓይን የማይታዩት በላተኞች ይመጣሉ፤ እንደ ጎመኑ ቅጠል ይበሉትና ውሃና ትንፋሽ አድርገው ይለቁታል። ሥጋ ሳይቆረጥ ለሕፃን ይሰጣል እንዴ ብላ ጠየቀችው። ሙጬ ያን ቀን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት።

ፌስታሎቹን በጎመን ሞልተው ከክምሩ ልብ የቀበሯቸው ሠራተኛ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው ነው። ምስጢር ይሁን ያለው ሙጬ ነው። በሳሙናው ጊዜ የተሳቀበትን አልረሳም፤ ከተበላሸም ዝም ብሎ ይበላሽ አለ። ሐኪሟ ለእማማ ጭልፊት እንኳ ቢነገር ብላ ነበር፤ ወንድሟ ሲለማመጣት ግን ተወችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እነሱ ግን ተረቱን ያስታወሱት ኋላ ነው።

ክምሩ በወጉ ግሎ መጀመሪያ በሚገለበጥበት ሰሞን የሐኪሟ ልጅ ወለደች። አያት መሆን ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሐኪሟ ግቢውን ለሠራተኞቹ ትታ ልጇ ቤት ከረመች። ስትመለስ ክምሩ ተገልብጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደገና እያተኮሰ አገኘችውና ፌሮዋን ሰክታ በትዕግሥት ትጠብቀው ጀመር።

ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ። የዛሬው ፌሮ መዳፏን ከለበለባት በኋላ ለወንድሟ ደወለች፤ እሱም ከስልኩ ድምፅ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚመስለው። መንሽ ይዘው የክምሩን ልብ ከፈቱ። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታቸው፤ የዝናብ ማግሥት ጫካ ይሸታል። አንድ መንሽ፣ ሌላ መንሽ፣ በእጅ ጭምር። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። ሙጬ በጉልበቱ ተንበርክኮ እስከ ብብቱ ገባበት፤ የለም። የቀበሩት ሁሉ እልም ብሏል።

ሙጬ ጮቤ ረገጠ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ቦርጩ፣ መንሹን እንደ ጦር ወደ ላይ እየሰበቀ ክምሩን ዞረው። ሐኪሟም አላስቻላት፤ እጇ ጭቃ እንደሆነ ፊቱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። አባታቸው ማሽኑን ሲያስነሣ የሚያሰማው ያ ትክ ትክ የሚል ድምፅ እዚያው ግቢው መሐል ተሰማት። ሙጬ ነገሩን አላሳደረም፤ ስልኩን አውጥቶ ሊቀመንበሩን ነገ ጠዋት ሰው ይዘው ይምጡ አላቸው።

ጫጫታውን ሰምተው እማማ ጭልፊት ጓንታቸውን እያወለቁ ብቅ አሉ። ምን እንደተገኘ ጠየቁ። ሐኪሟ ምስጢሩን ገና ልትነግራቸው ስትል ወደ ተከፈተው ክምር ጎንበስ አሉና ፊታቸው በኩራት ወገግ አለ።

«ንጹሕ ነው አይደል? አንቺ ሳትኖሪ እኮ ጉድ ነበር ሐኪሜ። የትኛው ልበ ቢስ እንደሆነ እንጃ፣ አረንጓዴ ፌስታል ጠቅጥቆበት ነበር። አንድ ሳላስቀር ለቅሜ አወጣሁልሽ» አሉ።

ሐኪሟ ክው አለች። ሙጬ መንሹ ከእጁ ወደቀ። እማማ ጭልፊት ምስጋና እየጠበቁ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ። እስካሁን አለመናገራቸውም ሊገርም አይገባም፤ ፌስታል መልቀም የየዕለት ሥራቸው ነው። ማን እንጀራውን እንደበላ ሪፖርት ያደርጋል?

ሐኪሟ እንደምንም «ይባረኩ እማማ» አለቻቸውና ወንድሟን በክንዱ ይዛ ወደ መሣሪያ ቤቱ ገባች።

ሙጬ በተገለበጠ ባሊ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም። ሊቀመንበሩ አያውቁም፣ እማማም ምን እንዳወጡ አያውቁም። ነገ ንጹሕ ክምር ያያሉ፤ አንቺ በልቶታል ትያለሽ፤ አለቀ» አላት።

እውነት ለመናገር፣ የሐኪሟም ልብ ወደዚያው አዘነበለ። የማሽኑ ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ብትላት ማን ይጠይቃታል? ደግሞ ያ በር ላይ የተዘረገፈ ጆንያ ታያት።

«እኔ የምኖረው በሚነቅዝ ነገር ነው ሙጬ፤ ዝም የሚነቅዝ እንደሆነ የማውቀውም ለዚህ ነው» አለችው። ከዚያ ድንገት ብድግ አለች። እማማ ጭልፊት ያወጡትን ወዴት ጣሉት?

የተለቀመ ላስቲክ በጆንያ ተሞልቶ ከመጋዘኑ ጀርባ ይቆማል፤ መኪና የሚመጣው ጆንያዎቹ ሲበዙ ነው። ሁለቱም ሮጡ። የሐኪሟ ሻርፕ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። ጆንያዎቹን እያገላበጡ ሲዘረግፉ ከሦስተኛው አረንጓዴው ወጣ። ሙጬ አንዱን ፌስታል በሁለት እጁ ይዞ ሊዘረጋው ሲል እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰነጣጠቀበት። ሌላውን አነሣ፤ ዳርና ዳሩ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። የጎመኑ ጭማቂ የነካው ቦታ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ለብሷል፤ ይህ ነጭ ሐኪሟ በጋለ ክምር ሁሉ የምታውቀው የበላተኞቹ ምልክት ነው። አጠገቡ የወደቀው፣ ከገበያው ውዳቂ ጋር ሾልኮ የገባ ተራ ፌስታል ግን፣ አብሮ ተቀብሮ አብሮ የወጣ ቢሆንም አዲስ እንደመሰለ ነው።

«ጀምሮታል፤ ሙጬ፣ ማዕዱ ላይ ሳለ ነው የነጠቅነው» አለች።

ሙጬ የተሰነጠቀውን ፌስታል ይዞ እያለቀሰ ሳቀ። ሐኪሟ ግን ደስታዋን ገታ አደረገችው፤ ያ የድሮውም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የተሰነጣጠቀው። ቁራጭ ቁራጭ መሆንና መበላት ለየቅል ናቸው፤ ሊቀመንበሩም ይህንኑ ነው የሚሏት።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ ከጥቂት ነጋዴዎች ጋር መጡ። የተከፈተውን ክምር ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ እጃቸውንም ወደ ሙጬ ዘረጉ። ሐኪሟ በመሐል ገባች።

«ንጹሕ ነው። ያጸዳው ግን ክምሩ አይደለም፤ እማማ ናቸው።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምስጢሩን፣ ለቀማውን፣ ጆንያውን። ሙጬ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከሁሉ የከፋው የእማማ ጭልፊት ፊት ነበር። የነጋዴዎቹን ሳቅ አልሰሙም፤ ሐኪሟን ብቻ ነው የሚያዩት። ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቋት። ነግራቸው ቢሆን በገዛ እጃቸው ይቀብሩት፣ ተኝተውም ይጠብቁት እንደነበር ተናገሩ። ሐኪሟም ጥፋቱ የሷና የወንድሟ እንደሆነ፣ እሳቸውን አለማመኗ እንደሚያሳፍራት በሰው ፊት ተናገረች።

ሊቀመንበሩ የተሰነጣጠቀውን ፌስታል በጣታቸው እያሹ ቆዩ። «እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል ልጄ። ያኛውም ሲፈርስ እንዲሁ ነበር» አሉ።

«እሱን ነው እኔም የምለው። ስለዚህ ተመልሶ ይቀበር። ከትኩሱ መሐል ይግባ፤ ሲገለበጥም አብሮ ይገልበጥ። ሲያልቅ እማማ ጭልፊት ይፈልጉት። በእጃቸው፣ በወንፊት፣ ከዚያም በሳፋ ውሃ። የጥፍር ታህል ካገኙ አልበላውም የምልዎት እኔው ራሴ ነኝ።»

ሙጬ ቀና ብሎ አያት። የአባቱን ማሽን በአሮጊቷ ዓይን ላይ እንዳስያዘችው ገባው። ሊቀመንበሩም ገባቸው፤ ከት ብለው ሳቁና «ጭልፊት ካጧት እኔም አጣኋት» አሉ። አብሮ ተቀብሮ ማመሳከሪያ የሚሆን ተራ ፌስታል ሲጠየቅ ደግሞ የታገደውን ከገዛ ኪሳቸው መዘው ሰጡ፤ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

እማማ ጭልፊት ግን አልሳቁም። አገኘዋለሁ አሉ። ሐኪሟን ይወዷታል፣ ሙጬም ያሳዝናቸዋል፤ ዓይናቸውን ግን ለማንም ብለው አይጨፍኑም።

ክምሩ ከዚያ ወዲያ የግቢው ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ሠራተኛው ሲገባም ሲወጣም ፌሮውን ነካ ያደርጋል። ሙጬ በየጠዋቱ ይመጣል፤ ደረቅ ሲመስለው ውሃ ያጠጣል፣ ሐኪሟ ደግሞ አበዛኸው እያለች ትቆጣዋለች። በሚገለበጥበት ቀን እማማ ጭልፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ቁርጥራጩ አረንጓዴ ብልጭ ሲል ጣቶቻቸው ይቁነጠነጣሉ፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እያሉ ለቃሚዎቹ ይስቁባቸዋል። ብልጭታው በየግልበጣው እያነሰ ሄደ፤ በኋላም ጠፋ። እማማ ጭልፊት አለ ይላሉ፣ ሙጬ የለም ይላል፤ ሐኪሟ ደግሞ ሁለቱንም ዝም በሉ ትላለች፣ እሷ ራሷ እንቅልፍ አጥታ።

ክምሩ ቀዝቅዞ ወደ አፈርነት ሲመለስ ቀኑ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከነነጋዴዎቻቸው፣ አንዳንድ ገበሬዎችም ጭምር፣ ግቢውን ሞሉት። እማማ ጭልፊት ጓንታቸውን አወለቁና በባዶ እጃቸው ገቡበት።

መጀመሪያ የሊቀመንበሩን ፌስታል አወጡት፤ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ቁልፍ፣ የሲባጎ ጫፍ፣ እንደገናም ያቺን የብርቱካን ወረቀት። እያንዳንዱ ሲወጣ ሰዉ ትንፋሹን ይውጣል፤ ሙጬ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። አረንጓዴ አልወጣም። በወንፊት ነፉት፤ አልወጣም። በመጨረሻ ከተነፋው እየዘገኑ ሳፋው ውሃ ውስጥ በጠበጡት፤ ላስቲክ ከሆነ መቼስ ይንሳፈፋል። የገለባ ስብርባሪ ተንሳፈፈ። ቀጥሎ አንዲት አረንጓዴ ነገር እያበራች ብቅ አለች።

ሐኪሟ «አልበላውም» የምትለዋን ቃል አፏ ላይ አዘጋጀች። እማማ ጭልፊት አረንጓዴዋን በጣታቸው አነሧት፣ ወደ ብርሃን አደረጓት፣ በሁለት ጥፍራቸው መሐል ጨፈለቋት። ውሃ ወጣት። ቀና ብለው ከሳፋው በላይ ወደተዘረጋው ዛፍ አዩ።

«ቅጠል ናት» አሉ በብስጭት።

ከዚያ ያደረጉትን ማንም አልጠበቀም። ተመልሰው ክምሩን እንደ አዲስ ጀመሩት። የተነፋውን እንደገና ነፉ፣ ሳፋውን ደፍተው እንደገና ሞሉ። ላብ በላብ ሆኑ። ሊቀመንበሩ ይበቃል አሉ፤ አልሰሟቸውም። ሙጬ ውሃ ይዞላቸው ቀረበ፤ ገፉት። በዚህ ሁሉ ዘመን ፈልገው ያጡት የመጀመሪያው ፌስታል ነው። በመጨረሻ ክርናቸው ድረስ ጠቁረው ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«የት አደረጋችሁት?» አሉ።

ሐኪሟ ደረቷ ላይ እቅፍ አደረገቻቸው። አሁን ያለ ፍርሃት መናገር ትችላለች፤ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«በልቶታል እማማ። በልቶታል።»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሙጬ ሊቀመንበሩን ከነባርኔጣቸው አንሥቶ አሽከረከራቸው፤ እሳቸውም አስቀምጠኝ እያሉ ይስቃሉ። አንድ ገበሬ ከአፈሩ አንድ እፍኝ ወስዶ አሸተተና ጆንያ ፍለጋ ሮጠ። እማማ ጭልፊት ግን በሐኪሟ እቅፍ ውስጥ ሆነው አሁንም ከትከሻዋ በላይ ክምሩን ያዩ ነበር።

የገበያው የመጀመሪያ ጋሪ የመጣ ዕለት፣ አረንጓዴው ፌስታል ጎመንና ቲማቲም እንዳጨቀ አዲሱ ክምር ላይ ተራገፈ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከሙጬ ቤት በኩል፣ የአባታቸው ማሽን ትክ ትክ ይላል። ሐኪሟ ፌሮዋን ይዛ ከሩቅ ቆመች። እማማ ጭልፊት በክምሩ ጥግ ሲያልፉ ከዳር የቀረ አንድ አረንጓዴ ፌስታል አዩ፤ እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ሄዶ ያዘው። ይዘው ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። ዳሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ ቢተዉት ማንም አይበላውም። ጎንበስ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ፌስታሉን ወደ ውስጥ፣ ትኩሱ ድረስ፣ እስከ ክርናቸው ገፉት።